ከፎርማት በፊት፦ የቤት ኮምፒውተርን ስለ ማደስና ስለ ማንጻት

ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወርዶ፣ የቃሊቲን መናኸሪያ አልፎ፣ በፋብሪካዎች አጥርና በከባድ መኪናዎች ሰልፍ መካከል ወደ አቃቂ በሰቃ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ከትናንሾቹ ሱቆች በአንዱ በር ላይ «ፎርማት እናደርጋለን፤ ሶፍትዌር እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ሳያነብ አያልፍም። ኮምፒውተሩ የዘገየበት፣ ያልጠራው ማስታወቂያ እየወጣ ያስቸገረው፣ ወይም ፋይሎቹ ከፍላሹ ውስጥ የጠፉበት ሰው ወደነዚህ ሱቆች ይሄዳል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሁሉ ይደመሰስና እንደ አዲስ ተሞልቶ ይመለስለታል፤ ጥቂት ወራትም ሳይቆይ ያው ችግር ተመልሶ ያገኘዋል። የዚህም ምክንያት የባለሙያው ጥበብ ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ በፎርማት ስም የሚጫነው ዊንዶውስ ያረጀ ቅጂ ሆኖ፣ ፈቃዱም ክራክ በሚባል የፈቃድ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም የተገኘ ሆኖ፣ ክራኩ እንዳይበላሽና የደንበኛውም ዳታ እንዳያልቅ ተብሎ አፕዴት የሚባለው የእድሳት ሥርዓት ከነጭራሹ ተዘግቶ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ንጹሕ መሣሪያ ተቀበልሁ ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በእውነቱ ተሸክሞት የሚገባው ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ቀዳዳዎች ያሉበትን መሣሪያ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ርምጃ እንዳይሆን፣ ማንኛውም ማንበብ የሚችል የቤተ ሰብ አባል በገዛ እጁ ኮምፒውተሩን በየወሩ ሊያድስ፣ ቫይረስ በገባበትም ጊዜ ሊያነጻ እንደሚችል ማሳየት ነው። በገላን ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች አንዲት ላፕቶፕ፣ ልጁ በቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የመመረቂያ ጥናቱን የሚጽፍባት፣ እናቲቱ የሱቋን ሒሳብ የምትመዘግብባት፣ አባትየውም የቤት ካርታውንና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ የሚያኖርባት የቤቱ መዝገብ ቤት ናት። እንዲህ ያለችውን ዕቃ ለሰው ሰጥቶ «ደምስሰህ ሙላልኝ» ማለት ቀላል ነገር ተደርጎ መቆጠሩ ሊያሳዝነን ይገባል።

አስቀድሞ እድሳት ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሶፍትዌር በሰው እጅ የሚጻፍ ነውና ፍጹም ሆኖ አይወለድም፤ ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች ወይም ሌቦች ቀዳዳ ያገኙበታል፤ ሠሪው ኩባንያም ለቀዳዳው መድፈኛ አዘጋጅቶ ይልካል። የመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ የት እንደሚያፈስ ያወቀ ሰው ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን እንደሚያስመታ ሁሉ፣ የኮምፒውተር ባለቤትም መድፈኛው በደረሰው ጊዜ ሊቀበለው ይገባል፤ ቀዳዳው የሚነገረው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሌባውም ጭምር ነውና። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን በሚመለከት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን መድፈኛዎች የሚያወጣው በፈረንጆች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

መድፈኛውን መናቅ ምን እንደሚያስከትል በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። በመጋቢት 5 ቀን ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋራት አገልግሎት ውስጥ የተገኘውን ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት አወጣ፤ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ እየገባ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200 ሺሕ የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን ፋይል በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። መድፈኛውን በጊዜው የጫነ ኮምፒውተር ግን ፕሮግራሙ በኔትወርክ አማካይነት በራሱ ሊገባበት አልቻለም፤ የተጎዱትም አብዛኞቹ እድሳቱ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ ያልተቀበሉ የዊንዶውስ 7 መሣሪያዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የማይተካ ፋይልዎን፣ ማለትም ጽሑፍን፣ ፎቶግራፍንና የሒሳብ መዝገብን፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ገልብጠው ሲጨርሱም ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡ፤ ሳይነቀል የቀረ ዲስክ እንደ ዋናክራይ ያለ ፕሮግራም በመጣ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋልና። ፕሮግራሞችንና ጌሞችን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ቫይረሱ በአብዛኛው ተደብቆ የሚሄደው በእነርሱ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ነገር ግን «አፕዴት አልሠራ አለኝ» የሚለው አቤቱታ ተደጋግሞ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ በማዘርቦርዱ የተሰካችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ሰው የአገሩን አቆጣጠር ወዶ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። በሁለቱም መንገድ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደህንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያልደረሰ ወይም ያለፈበት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከእድሳቱ መጋዘን ጋር መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስተካክሉ፤ የሰዓት ቀጠናውንም ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ሰዓት የሚገኘው በዚያ ስም ነው። ባትሪዋ ከደከመች ማስለወጥ ነው፤ ዋጋዋ ብዙ አይደለም።

ስለ መብራትና ስለ ዳታም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። እድሳት በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተሰክቶለት ይሁን፤ ዩፒኤስ የሌለውም መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሥራ። የወሩ እድሳት ብዙ መቶ ሜጋ ባይት፣ አሁን አሁንም ከአንድ ጊጋ ባይት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ቤተ ሰብ የሌሊቱን የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ይሻለዋል። ዊንዶውስ በዋይፋዩ ንብረት ገጽ ላይ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ አለው፤ ይህ በቀን ሲበራ ከባዱን ማውረድ ይከለክላል፤ ሌሊት ሲጠፋ ይፈቅዳል። ዳታን ለመቆጠብ ትክክለኛው መንገድ ይህ እንጂ አፕዴትን ከሥሩ መንቀል አይደለም። በቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ካለም፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» በሚባለው ቅንብር አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእርሱ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ አፕዴት በሌላ ሰው እጅ ተዘግቶ እንደ ሆነ መመርመር ነው፤ ለአካባቢያችን ኮምፒውተሮች ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ስለሆነ፣ እባክዎ አይለፉት። በስታርት ሳጥን ውስጥ «ሰርቪስስ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይክፈቱ፤ ከረጅሙ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚል መስመር ያገኛሉ። በአጠገቡ «ዲሴብልድ» የሚል ከተጻፈበት፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ዘግቶታል ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው «ማኑዋል» ወደሚለው ይለውጡትና ያስጀምሩት። በአፕዴት ገጽ ራስጌ ላይ «አንዳንድ ቅንብሮች የሚተዳደሩት በድርጅትዎ ነው» የሚል ማሳሰቢያ በእንግሊዝኛ ካዩም፣ መሣሪያው የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የግል ከሆነ፣ ይህ ራሱ የሰው እጅ እንደ ገባበት ምልክት ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ቦታ አለ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚባለውን ከፍተው፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» በሚለው ሥር «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ፤ እስከ ገጹ ግርጌ ሲወርዱ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል ያገኛሉ። ይህ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለው ጠባቂ እንዳይመረምራቸው የተባሉትን ቦታዎች የያዘ ነው። ዲፌንደር ክራክን ስለሚይዝ፣ የጫነው ሰው ክራኩን ለማዳን ሲል አንዳንዴ ሲ የተባለውን ድራይቭ በሙሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጠባቂው አለ፤ አረንጓዴ ምልክቱም ይታያል፤ ነገር ግን ቤቱን በሙሉ እንዳያይ ታዟል። እርስዎ ያላስገቡትን ሁሉ ከዝርዝሩ ይሰርዙ፤ በዚያው ገጽ ላይ ያለውን «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚባለውንም ያብሩ፤ ይህ ሌላ ፕሮግራም ጠባቂውን እንዳያጠፋው ይከለክላል።

በሮቹ ሁሉ ከተከፈቱ በኋላ እድሳቱ ራሱ ቀላል ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ገብተው «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ይጫኑ፤ አውርዶ ሲጨርስ «ሪስታርት» ይበሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ እያጠፈ ስለሚያሳድረው እድሳቱ ወርዶ ሳለ ሳይጫን ወር ይከርማል። ተመልሶ ሲነሣ እንደ ገና «ቼክ» ይበሉ፤ ብዙ ጊዜ ካልታደሰ መሣሪያ ላይ አንዱ እድሳት ሌላውን ስለሚያስከትል፣ «አፕ ቱ ዴት» የሚል እስኪመጣ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። ዘወትር የሚጠቀሙበትን ክሮምንም አይርሱ፤ ከላይ በቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብተው «ሄልፕ» ከሚለው ሥር «አባውት ጉግል ክሮም» ሲሉት ራሱን መርምሮ ያድሳል። አንዳንድ ቤት ኢንተርኔት ፈጽሞ የለም፤ ለእንዲህ ያለው «ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ» ከሚባለው የኩባንያው ገጽ ላይ የወሩን እድሳት በሌላ ሥፍራ አውርዶ በውጫዊ ዲስክ ማምጣት ይቻላል።

በመሣሪያዎ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ነጻው እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደ ተቋረጠ ይወቁ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች በምዝገባ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት እድሳት አዘጋጅቷል፤ የምዝገባው ማስፈንጠሪያ በዚያው በአፕዴት ገጽ ላይ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ፕሮሰሰሩ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕም ያለው መሣሪያ ዊንዶውስ 11ን ሊቀበል ይችላል። ያ የማይሆንለት አሮጌ መሣሪያ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ እድሳት በሌለው ዊንዶውስ ከሚኖር ኡቡንቱ ወይም ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሥርዓት ቢጭን እጅግ የተሻለ ነው፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ይበቃል፤ በአማርኛም ያስጽፋል፤ የደህንነት እድሳቱም ያለ ክፍያ ለዓመታት ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ስለ ሐሰተኛ እድሳት መናገር ግድ ነው፤ እድሳትን መውደድ የተማረ ሰው በእድሳት ስም ይታለላልና፤ ይህም በኢትዮጵያውያን ላይ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ፣ ከእነርሱም መካከል በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች ላይ፣ ቪዲዮ እንዲመለከቱ የሚጋብዝ ኢሜይል ይላክ ነበር፤ ማስፈንጠሪያውን የተከተለውም ሰው የታወቀ የቪዲዮ ድረ ገጽ በሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ላይ ይደርስና፣ ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን እንዲያድስ ይጠየቅ ነበር። ያ እድሳት የተባለው በውስጡ የስለላ ፕሮግራም የያዘ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ፕሮግራሙ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ምርት እንደ ሆነ ደረሱበት። ምሥጢሩ ሊገለጥ የቻለው ሰላዮቹ የሚጠቀሙበት ሰርቨር መዝገቡን ለማንም ክፍት አድርጎ ስለ ተወ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሥርዓት ግልጽ ነው። እውነተኛ የዊንዶውስ እድሳት የሚመጣው በሴቲንግስ ውስጥ ወይም ከላይ ከተጠቀሰው የኩባንያው ካታሎግ ብቻ ነው፤ የክሮም እድሳትም በክሮም ቅንብር ውስጥ ብቻ ነው፤ ድረ ገጽ እያነበቡ፣ ፊልም እያዩ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ላይ «አድስ» የሚልዎ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። ፍላሽ ፕሌየርማ ራሱ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ በሠሪው ተቋርጧል፤ ስለዚህ ዛሬ ፍላሽን አድስ የሚል መስኮት ያለ ምንም ምርመራ ሊዘጋ ይገባል። በማያ ገጹ ጥግ ብቅ እያለ «ኮምፒውተርዎ በአምስት ቫይረስ ተይዟል» የሚለውም ማስፈራሪያ በአብዛኛው ቫይረስ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ «አላው» ብለው ፈቃድ የሰጡት ድረ ገጽ የሚልከው መልእክት ነው፤ በክሮም ቅንብር «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው የማያውቁትን ድረ ገጽ ሁሉ ቢሰርዙት ይቆማል።

ቫይረስ በእርግጥ ከገባስ? በመጀመሪያ የችግሩን ዓይነት ይለዩ። ፋይሎች በራሳቸው ስማቸው እየተለወጠ ከሆነ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከወጣ፣ ወይም ከባንክ ሒሳብዎ ያልላኩት ገንዘብ ከተላከ፣ ሳይዘገዩ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ከታች የሚጠቀሱትን ማጽጃ መሣሪያዎችም በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ያውርዱ። ችግሩ መዘግየትና ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ ይቆይ፤ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» የሚለውን ከፍተው ጠባቂው የቫይረሶችን መግለጫ እንዲያድስ ያድርጉ። ትናንት የወጣን ቫይረስ በአምናው መግለጫ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ከዚያም በሴቲንግስ «አፕስ» ውስጥ ገብተው ያልጫኑትን ወይም የማያውቁትን ፕሮግራም፣ ጊዜው ያለፈበትንም የሙከራ አንቲ ቫይረስ ያስወግዱ፤ ሁለት አንቲ ቫይረስ በአንድ መሣሪያ ላይ እርስ በርሱ ይሰናከላል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። በክሮም «ኤክስቴንሽንስ» ላይም እንዲሁ። ይህ ከተጠረገ በኋላ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» የሚለውን መርጠው ያስጀምሩ፤ እንደ ዲስኩ ስፋት ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምሮ ማደር የተለመደ ነው። «ክዊክ ስካን» ለዕለት ተዕለት ይበቃል፤ ለተያዘ መሣሪያ ግን አይበቃም።

ቀጥሎ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው፣ በዚያው ገጽ ያለው «ኦፍላይን ስካን» ነው። አንዳንድ ቫይረስ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ስለሚነሣ ራሱን ከጠባቂው ይሰውራል፤ ኦፍላይን ስካን ግን ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት መሣሪያውን በሌላ ንጹሕ ሥርዓት አስነሥቶ ስለሚመረምር፣ ተደባቂው መደበቂያ ያጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከመጀመርዎ በፊት የተከፈተ ጽሑፍ ካለ ያስቀምጡ፤ መሣሪያው ወዲያው ይጠፋና ይነሣልና። የተገኘውን ሁሉ በኋላ «ፕሮቴክሽን ሂስቶሪ» ላይ ያነብቡታል፤ በዚያም «ሪሙቭ» ወይም «ኳራንቲን» የሚለውን ይምረጡ እንጂ «አላው» አይበሉ። «ሃክቱል» የሚል ስም ያለው ከወጣ በአብዛኛው ክራኩ ነው፤ እርሱን ፈቅዶ ማለፍ እስካሁን የተደከመበትን ሁሉ ከንቱ ማድረግ ነው።

ለማረጋገጫ የሁለተኛ ዓይን ምስክርነት መውሰድ ይጠቅማል። «ማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር» ሳይጫን የሚሠራ ነጻ መመርመሪያ ነው፤ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ አገልግሎቱ ስለሚያበቃ በየጊዜው አዲሱን ማውረድ ግድ ነው፤ አምና ከጓደኛ የተገለበጠ ቅጂ አይሠራም። ማልዌርባይትስ የተባለውም ነጻ ቅጂ ማስታወቂያ የሚያመጡትንና ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚገቡትን በመልቀም የታወቀ ነው፤ ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ ይውረድ። በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከእድሳቱ ጋር የሚልከው ማስወገጃ በመሣሪያዎ ላይ አስቀድሞ አለ፤ የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን በአንድነት ተጭነው በሚመጣው ሳጥን «ኤም አር ቲ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቢጽፉ ይከፈታል፤ ነገር ግን የሚያስወግደው የተስፋፉትንና የታወቁትን ብቻ ስለሆነ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

ፍላሽ ለብቻው ክፍል ይገባዋል። በእኛ ዘንድ ቫይረስ በፍላሽም እጅግ ይዛመታል፤ ተማሪው ጥናቱን ሊያሳትም፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን ሊያባዛ ፍላሹን ለኮፒ ቤት ይሰጣል፤ የኮፒ ቤቱም ኮምፒውተር የቀኑን ፍላሽ ሁሉ ሲቀበል ይውላል። ተመልሶ ሲከፈት «ጥናት» የሚለው ፎልደር በቦታው አለ፤ ነገር ግን በምስሉ ታችኛ ግራ ጥግ ላይ የተቆለመመች ትንሽ ቀስት ተቀምጣበታለች። ያቺ ቀስት ይህ ፎልደር ሳይሆን ሾርትከት መሆኑን ትናገራለች። ሰውየው ሲጫነው በመጀመሪያ የተሰወረው ፕሮግራም ይሠራል፤ ቀጥሎም እውነተኛው ፎልደር ይከፈትለታል፤ ስለዚህ አንዳች አይጠረጥርም፤ ኮምፒውተሩ ግን በዚያች ቅጽበት ተይዟል።

እንዲህ ያለውን ፍላሽ ሲያዩ ምንም ሳይጫኑ፣ በድራይቩ ስም ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው በዲፌንደር ያስመርምሩት። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተሰውረዋል እንጂ። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ፤ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥም የተጠበቁ የሥርዓቱን ፋይሎች ሰውር የሚለውን ምልክት ያንሡ። ያን ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ወይም ደብዘዝ ብለው የተቀመጡትን እውነተኞቹን ያገኛሉ፤ የወርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፤ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት፤ ለፍላሽ ፎርማት ተገቢ ነው። ሲጨርሱ ያነሡትን ምልክት ይመልሱ። ወደ ፊትም ለሕትመት የሚሆነውን ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ መላክ ፍላሽን ከመስጠት ይሻላል።

መሣሪያው ከነጻ በኋላ ሥራው አላለቀም። ዛሬ ብዙው ቫይረስ የሚመጣው ፋይል ሊያጠፋ ሳይሆን፣ በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ሊሰርቅ ነው። ስለዚህ በስልክዎ ወይም በሌላ ንጹሕ መሣሪያ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ከሁሉ በፊት ይለውጡ፤ ሌላው ሁሉ በኢሜይል በኩል የሚታደስ ስለሆነ ቁልፉ እርሱ ነው፤ ከዚያም የባንኩንና የማኅበራዊ ገጾቹን ይለውጡ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም ያብሩ። በቴሌግራም «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ሌሎቹን መግቢያዎች ሁሉ ያቋርጡ፤ ሌባው ኮድ ሳይጠየቅ በተሰረቀ መግቢያ ሊኖር ይችላልና። ገንዘብ ወይም መረጃ ከተወሰደብዎ ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትም ሆነ ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ማስረጃውን ፎቶ አንሥተው ሳይደመስሱ ለባንክዎና ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ፎርማት ቢያደርጉት ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቫይረሱ እየተመለሰ ካስቸገረ፣ ወይም መሣሪያው ከመጀመሪያውም በክራክ የተሞላ ከነበረ፣ ያን ጊዜ ፎርማት ትክክለኛ ርምጃ ይሆናል። ነገር ግን ከማን ቅጂ እንደሚጫን ይወስኑ። ማይክሮሶፍት በገጹ ላይ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው፤ ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ንጹሑንና አዲሱን ዊንዶውስ ያዘጋጅልዎታል። ፍላሹን ይዘው ወደ ባለሙያው ይሂዱና «በዚህ ጫንልኝ፤ ክራክ አታስገባ፤ አፕዴትንም አትዝጋ» ይበሉት። ክራክ የማያስፈልገውም ብዙ ነው፤ ከፋብሪካው ዊንዶውስ ተጭኖበት የወጣ ላፕቶፕ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛም ቢሆን፣ የፈቃድ ቁልፉ በአብዛኛው በራሱ ውስጥ ታትሞ ስለሚገኝ፣ ትክክለኛው ዓይነት ዊንዶውስ ሲጫን ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ ፈቃዱን ራሱ ያገኛል። ይህንንም ከመደምሰሱ በፊት በሴቲንግስ «አክቲቬሽን» ገጽ ላይ ይመልከቱት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ልማድ ነው። ከፈረንጆቹ ሁለተኛ ማክሰኞ በኋላ በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወይም ቤተ ሰቡ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ፋይልን ገልብጦ ዲስኩን መንቀል፣ አፕዴትን እስከ መጨረሻው ማስጨረስ፣ ክሮምን ማደስ፣ የኤክስክሉዥንስን ዝርዝር ማየትና ፉል ስካን ማስጀመር ይበቃል። ሰው የሚቀመጥበት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረውን መሣሪያው ብቻውን ይሠራዋል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ሥራውን ለእርሱ ያስተምሩትና በየወሩ የሠራበትን ቀን በደብተር ላይ ያስመዝግቡት፤ በአንዱ ወር እድሳቱ አልጫን ብሎ ቁጥር ያለበት የስሕተት መልእክት ቢወጣ፣ ያንን ቁጥር አብሮ ይጻፍ፤ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ግድ ቢሆን በመጀመሪያ የሚያሳዩት እርሱን ነው።